ሳይናገር የሚከፈት ቁልፍ፦ ስለ ወላጅ ቁጥጥር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለስልክ፣ ለቴሌቪዥን፣ ለሪሲቨርና ለራውተር አምራቾች፤ ለቪዲዮ አገልግሎት ሰጪዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የወላጅ ቁጥጥር ሥራውን ሲያቆም ለወላጅ እንዲያሳውቅ ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው እናንተ የምትሠሯቸውን ዕቃዎች የምናዋቅር፣ የምንጠግንና ለቤተሰብ የምናስረክብ ባለሙያዎች ነን። ዋናው ጥያቄያችን አንድ ነው፦ የወላጅ ቁጥጥር ብላችሁ የምትሸጡት ቁልፍ በተከፈተ ጊዜ ይናገር። ልጅ ፒን ሰብሮ ሲገባ ብቻ ማለታችን አይደለም። አብዛኛው ቁልፍ የሚከፈተው ሆን ብሎ የነካው ሰው ሳይኖር ነው። ጣቢያ እንደገና ይፈለጋል፣ ሶፍትዌር ይታደሳል፣ አካውንት ይቀየራል፣ ልጁ ከዋይፋይ ወጥቶ ዳታ ያበራል። ወላጁ ግን ከዓመት በፊት ያበራው ነገር ዛሬም እንደበራ ያምናል፤ እንደበራ ስለሚያምንም ዞር ብሎ አያይም።

ከሪሲቨር እንጀምር። በዲጂታል ሥርጭት ከምስሉና ከድምፁ ጋር የፕሮግራም መረጃም አብሮ ይላካል። ዲቪቢ የሚባለው የዲጂታል ቴሌቪዥን ሥርጭት ደንብ በዚህ መረጃ ውስጥ ለዕድሜ ደረጃ ቦታ አስቀምጧል። ለአንድ አገር 4 ባይት ነው፤ ሦስቱ ለአገሩ ኮድ፣ አንዱ ለደረጃው። ደረጃው ከ1 እስከ 15 ያለ ቁጥር ሲሆን ሪሲቨሩ 3 ደምሮ ዕድሜ ያደርገዋል። 9 ከደረሰው ፕሮግራሙ ለ12 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፤ 15 ከደረሰው ለ18። 0 ከደረሰው «አልተወሰነም» ማለት ነው። እንግዲህ ወላጁ ሜኑ ውስጥ ገብቶ 12 ብሎ ሲያስቀምጥ ዕቃው የሚሠራው ሥራ ሁለት ቁጥር ማወዳደር ነው። ፊልሙን አያይም፣ ንግግሩን አይሰማም። ጣቢያው ቁጥሩን ካልላከ ወይም ለሁሉም ፕሮግራም 0 ከላከ የሚወዳደር ነገር ስለሌለ ሁሉም ያልፋል። ሜኑው ላይ ግን «የዕድሜ ገደብ፦ 12» የሚለው ጽሑፍ እንዳለ ይቀመጣል። እኛ የምንለው ይህ ጽሑፍ ውሸት ነው ነው። በዚያው መስመር ላይ «ይህ ጣቢያ የዕድሜ ደረጃ አይልክም» ብሎ መጻፍ ሪሲቨሩን ምንም አይከብደውም፤ መረጃው እጁ ላይ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ቪ ቺፕ የተባለውን ማገጃ አመጣ፤ ከ2000 መጀመሪያ አንሥቶም 13 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ አዲስ ቴሌቪዥን ሁሉ ይህን ይዞ እንዲወጣ ተደረገ። ቪ ቺፕም እንደ ሪሲቨሩ ምልክት አንባቢ ነው። ዜናና ስፖርት ከመነሻው ምልክት አይለጠፍባቸውም። ስለዚህ ካርቱኑ ፒን ሲጠየቅበት የጦር ሜዳ ሬሳ በዜና ሰዓት ያለ ከልካይ ይገባል። ከዚህም ሌላ ቴሌቪዥኑ አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱን የሚያነበው በራሱ አንቴና በኩል ከገባው ሥርጭት ላይ ነው። ከሪሲቨር፣ ከስቲክ ወይም ከጌም ማጫወቻ በኤችዲኤምአይ ገመድ የሚመጣው ለእሱ ምስልና ድምፅ ብቻ ነው፤ ምልክቱ ኋላ ቀርቷል። ቴሌቪዥኑን ቆልፎ ሪሲቨሩን ክፍት የተወ ወላጅ የቆለፈው ማንም የማይገባበትን በር ነው። በኤችዲኤምአይ በኩል ለሚመጣ ነገር የሚሠራው መግቢያውን ራሱን በፒን መቆለፍ ነው። ብዙ ቴሌቪዥኖች ይህ ምርጫ አላቸው፤ ግን ከዕድሜ ገደቡ ርቆ ሌላ ሜኑ ውስጥ ተቀብሯል።

ጣቢያ በጣቢያ መቆለፍ ከዕድሜ ደረጃው ይሻላል፤ የማንንም ምልክት አይጠብቅም። ችግሩ ቁልፉ የሚጻፈው ከጣቢያ ዝርዝሩ ጋር መሆኑ ነው። ዲሹ ተነቃንቆ ጣቢያ እንደገና ሲፈለግ ዝርዝሩ ከአዲስ ይጻፋል፤ በብዙ ሪሲቨር ላይ አዲሱ ዝርዝር አንድም ቁልፍ የለበትም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቁልፉን በዝርዝሩ ተራ ቁጥር ሳይሆን በጣቢያው መለያ አስቀምጡት። መለያው የኔትወርክ ቁጥሩ፣ የትራንስፖርት ስትሪም (ጣቢያዎች አንድ ላይ ተጠቅልለው የሚላኩበት ጥቅል) ቁጥሩና የሰርቪስ (የጣቢያው የራሱ) ቁጥሩ ናቸው። ፍለጋው ሲያልቅ ማመሳከር ነው፤ ጣቢያው ሌላ ትራንስፖርት ስትሪም ላይ ተዛውሮ ያልተገኘ ካለ ደግሞ ስክሪኑ ላይ «ተቆልፈው ከነበሩት 9 ጣቢያዎች 2ቱ አልተገኙም፤ ዝርዝሩን ይመልከቱ» ብላችሁ ጻፉ።

ወደ ፒኑ እንምጣ። 4 አኃዝ ማለት ከ0000 እስከ 9999፣ 10,000 አማራጭ ነው። በሪሞት አንድ ሙከራ 6 ሰከንድ ቢፈጅ ሁሉንም ለመጨረስ 60,000 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ 16 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። የተበሳጨ ልጅ በአንድ የዕረፍት ሳምንት ይወጣዋል፤ በአማካይ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ ያገኘዋል። ዕቃው በየ5 ስህተቱ ለ10 ደቂቃ ቢዘጋ ግን 10,000ው በ2,000 ዙር ይከፈላል፤ 20,000 ደቂቃ፣ ሳይተኙ 14 ቀን ገደማ። ጥቂት መስመር ኮድ ነው የምንጠይቃችሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ልጅ እስከዚያም አይደክምም። መጀመሪያ 0000፣ ቀጥሎ 1234፣ ቀጥሎ የራሱን የልደት ዓመት፣ ቀጥሎ የታናሹን ይሞክራል። ከፋብሪካ በ0000 የሚወጣና ይኸው ቁጥር መመሪያው ደብተር ላይ የታተመበት ሪሲቨር ቆልፏል አይባልም። ቁልፍ መጀመሪያ ሲበራ አዲስ ፒን አስገድዱ። ትክክለኛው ፒን ሲገባ ደግሞ «ከመጨረሻው ጊዜ ወዲህ 23 የተሳሳተ ሙከራ ተደርጓል» በሉ። ይህች አንድ መስመር ለወላጅ ከብዙ ገጽ የአጠቃቀም መመሪያ ትበልጣለች።

ለቪዲዮ አገልግሎት ሰጪዎችና ለማኅበራዊ መገናኛዎች የምናነሣው ስለ ልደት ቀን ነው። 13 ዓመት የሚባለው ወሰን በሰፊው የተለመደው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የሕፃናት የኢንተርኔት ግላዊነት ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰብን ስለከለከለ ነው። የ8 ዓመት ልጅ አካውንት ሲከፍት 13 ካልሆነ አይገባምና 5 ዓመት ይጨምራል፤ አንዳንዴ የሚጨምርለት ወላጁ ራሱ ነው፤ ልጁ እያለቀሰ፣ ስልኩ እጁ ላይ ሆኖ። ውሸቷ የዚያን ቀን ጉዳት ያደረሰች አይመስልም። ልጁ በእውነት 13 ዓመት ሲሞላው ግን አገልግሎቱ 18 ሆኗል ብሎ ይቆጥረዋል። በዚያ ማለዳ የአዋቂ ቪዲዮ ይከፈትለታል፣ የአዋቂ ማስታወቂያ ይላክለታል፣ ለማይታወቅ ሰው የተዘጋ መልእክት ሳጥኑ ይከፈታል። ማንም ምንም አልነካም፤ ቀን ነው የመሸው። የምንጠይቀው ይህ ነው፦ አንድ አካውንት 18 ሊሞላው ሲል ለተመዘገበው ወላጅ ኢሜይል ቀድሞ መልእክት ይድረስ፤ የልደት ቀንን ወደ ታች ማረምም ያለ መታወቂያ የሚቻል ይሁን። 

ገደቡ የተጣለበት ቦታም ሌላው የዝምታ ምንጭ ነው። ለአዋቂ የሚሆኑ ቪዲዮዎችን የሚሸሽገው የዩቲዩብ የተገደበ ሁነታ የሚበራው በአካውንቱ ላይ ሳይሆን በብሮውዘሩ ወይም በዕቃው ላይ ነው። አንዱ ብሮውዘር ላይ ያበራ ወላጅ ሌላውን አላበራም፤ በአንዱ ብሮውዘር ውስጥ ያሉ ሁለት ፕሮፋይሎችም ለየብቻ መብራት አለባቸው። በርቶ እንደሆነ የሚታወቅበት አንድ ምልክት አለ፦ ከቪዲዮው ሥር አስተያየቶች አይታዩም። ከታዩ ጠፍቷል። በፕሌይ ስቶር ላይ በፒን የሚዘጋው ገደብም የሚያግደው ማውረድንና መግዛትን ነው፤ ቀድሞ ስልኩ ላይ ያለውን አፕ አይነካም። ኔትፍሊክስ ላይ ለልጁ ፕሮፋይል የዕድሜ ደረጃ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ግን የወላጁ ፕሮፋይል ፒን ከሌለው ልጁ የሚያደርገው አንድ ቤት ወደ ቀኝ ተንቀሳቅሶ የእናቱን ፎቶ መጫን ነው። አዲስ ፕሮፋይል መፍጠርም ለብቻው በፒን መዘጋት አለበት፤ ይህን የሚያውቅ ወላጅ ጥቂት ነው። ለልጅ ደረጃ ያወጣ ሰው ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ የታወቀ ሆኖ ሳለ አፑ አይጠይቀውም፦ «ሌሎቹ 3 ፕሮፋይሎች ክፍት ናቸው፤ ይቆለፉ?»

አሁን ስለ ደረጃው ራሱ። ፊልም ሰው አይቶት ደረጃ ያገኛል። በፕሌይ ስቶር ያለ አፕ ግን ደረጃ የሚያገኘው ገንቢው በሞላው መጠይቅ ነው፤ ደረጃውም የሚናገረው ስለ አፑ እንጂ ነገ ተጠቃሚዎች ስለሚለጥፉበት አይደለም። ሰዎች የሚጭኑትን ቪዲዮ በብዛት የሚመዝነው ማሽን ነው፤ የቀጥታ ሥርጭትን ደግሞ ከመታየቱ በፊት ሊመዝነው የሚችል የለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በታወቁ ካርቱኖች መልክ የተሠሩ፣ ውስጣቸው ግን ደም፣ መርፌና ማስፈራራት የሞላ ቪዲዮዎች ለልጆች በተለየው ዩቲዩብ ኪድስ ውስጥ ሳይቀር ተገኝተው ነበር። ማሽኑ ቀለሙንና ርዕሱን አይቶ አሳልፏቸው ነበር። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 ወላጅ ያጸደቀው ብቻ እንዲታይ የሚያደርግ ምርጫ መጣ። በእኛ እምነት ለትንንሽ ልጆች ሙሉ ለሙሉ የምንተማመንበት ይኸው ዓይነቱ ብቻ ነው፤ መጥፎውን ከሚለቅም ጥሩውን የሚፈቅድ። አድካሚ ነው፤ ወላጁ 20 ጣቢያ ቁጭ ብሎ መምረጥ አለበት። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን 20 ጣቢያ ይበዛል እንጂ አያንስም።

በቃል ላይ የተመሠረተ ማጣሪያ የምትሠሩ ሰዎች ደግሞ የእኛን ፊደል አታውቁትም። «ፀሐይ» የሚለውን ምንም የማያስነውር ቃል ውሰዱ። መጀመሪያው ፊደል በፀ ወይም በጸ ይጻፋል፤ ሁለተኛው በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ። አንዱ ቃል 12 መልክ አለው፤ አንባቢው አንድ አድርጎ ያነበዋል፣ ማጣሪያው ግን 12 ቃል ይመስለዋል። የተከለከለ ቃል ዝርዝር ውስጥ አንዱ ብቻ ከገባ 11ዱ ያመልጣሉ። ላይና ታቹ ላይ የሚለጠፈው ሲጨመር፣ «በ» ከፊት፣ «ዋ» ከኋላ፣ ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ አስቡት። ሙሉ ቃል መፈለጉን ትታችሁ የቃል ክፋይ ልፈልግ ካላችሁ ሌላ ጣጣ ይመጣል። «ደም» የሚለውን ያገደ ማጣሪያ «ቀደም ሲል»ንም «ደምበኛ»ንም ያግዳል። የታሪክ መጽሐፍ ሁሉ «ቀደም ሲል» ብሎ ይጀምራልና ተማሪው ምን እንዳጠፋ አይገባውም። መፍትሔው ከማነጻጸር በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ማጠቃለልና ቅጥያን መላጥ ነው። ይህን ሳታደርጉ «አማርኛ ይደግፋል» ብላችሁ አትጻፉ። ሜኑው በአማርኛ ስለተተረጎመ ማጣሪያው አማርኛ አላነበበም።

የራውተር አምራቾች ሆይ፣ እናንተ ጋ ያለው በር ሰፊ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ የገጽ ስም ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ በሚባለው መጠይቅ ነው። የአዋቂ ገጾችን ስም ሲጠየቅ አድራሻውን የማይሰጥ ዲኤንኤስ ማስገባት ርካሽና ፈጣን መንገድ ነው፤ ክላውድፍሌር እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በነፃ የሚሰጠው 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 አንዱ ምሳሌ ነው። ራውተሩ ላይ የዲኤንኤስ አድራሻ የሚጻፍባቸው ሁለት ሣጥኖች አሉ፤ ስህተቱ የሚመጣው ሁለተኛው ላይ ነው። ወላጁ አንደኛው ሣጥን ውስጥ 1.1.1.3 ይጽፍና ሁለተኛውን እንደነበረ፣ የአዋቂ ገጾችን የማያግደው የጉግል 8.8.8.8 ሆኖ ይተወዋል። ሁለተኛው መጠባበቂያ ይመስለዋል፤ ብዙ ዕቃ ግን ሁለቱንም እንዳሻው ይጠይቃል። ውጤቱ አንዳንዴ የሚያግድ አንዳንዴ የማያግድ ቤት ነው፤ ወላጁ ሲሞክረው አግዶ፣ ልጁ ሲሞክረው የሚከፍት። ኢንተርኔቱ በአይፒቪ6ም (በአዲሱ፣ ረዘም ባለው የአድራሻ ዓይነት) የሚመጣ ከሆነ የዚያው ሣጥን በ2606:4700:4700::1113 እና በ2606:4700:4700::1003 መሞላት አለበት፤ ካልሆነ በጎን በር ያልፋል። የተለያየ ባሕርይ ያላቸው ሁለት አድራሻዎች ሲጻፉ ራውተሩ ማስጠንቀቅ ይችላል። ሌላም የሚችለው አለ። አንድ ስልክ ቀኑን ሙሉ ዳታ እየጎተተ አንድም ስም ካልጠየቀ ሌላ ዲኤንኤስ ወይም ቪፒኤን (ግንኙነቱን ሸሽጎ በሌላ መንገድ የሚያሳልፍ አፕ) እየተጠቀመ ነው ማለት ነው። ይህን ሰንጠረዥ ራውተሩ ያያል፤ ወላጁ ግን አያይም። አሳዩት።

ዲኤንኤስ የሚያየው የገጹን ስም እንጂ ውስጡን አይደለም። ዩቲዩብ ላይ አንዱን ቪዲዮ ከሌላው ለይቶ ማገድ አይችልም። ብሮውዘሮች ደግሞ የራውተሩን ትተው የራሳቸውን የተመሠጠረ ዲኤንኤስ መጠቀም ጀምረዋል። ፋየርፎክስ ይህን በነባሪ ሲያበራ ኔትወርኩ ማጣሪያ እንዳለው አስቀድሞ የሚጠይቅበት ምልክት አለው፤ ኔትወርኩ አለኝ ካለ የራሱን ይተዋል። ተጠቃሚው በእጁ ካበራው ግን አይሰማም። ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ በዚህ ሁሉ በር አያልፉም፤ የተቀዳ ፋይል ስምም ደረጃም የለውም።

የመጨረሻው ጥያቄያችን ከልክ በላይ ስለሚዘጋው ነው። ማጣሪያው የጡት ካንሰርን ገጽ ሲያግድ፣ የሥነ ሕይወት ትምህርቱን ሲያግድ፣ ወላጁ ይናደድና ሁሉንም ያጠፋዋል፤ መልሶ አያበራውም። ለዚህ የሚያስፈልገው በፒን ለ30 ደቂቃ የሚከፈትና ጊዜው ሲያልቅ ራሱ የሚዘጋ ቁልፍ ነው። በአንዳንድ ሪሲቨር አንዴ ፒን የገባበት ጣቢያ ዕቃው እስኪጠፋ ድረስ ክፍት ነው፤ ሪሲቨር ደግሞ በስንት ቤት ጨርሶ አይጠፋም።

በነገራችን ላይ የልጅን መልእክት እያነበቡ ለወላጅ የሚልኩ አፖችን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አልቆጠርናቸውም። እነሱ ቁልፍ አይደሉም፤ ሌላ ሥራ ነው የሚሠሩት፣ የሰበሰቡትንም የት እንደሚያስቀምጡ ወላጁ አያውቅም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለወላጆች

አምራቾቹ መልስ እስኪሰጡ ድረስ የሚከተለውን አድርጉ። ከአካውንቱ ጀምሩ። የልጁን አካውንት በእውነተኛ የልደት ቀኑ ክፈቱ፤ አንድሮይድ ከሆነ ከፋሚሊ ሊንክ (ከጉግል የወላጅ መቆጣጠሪያ አፕ)፣ አይፎን ከሆነ ከቤተሰብ መጋሪያው ጋር አያይዙት። ፋሚሊ ሊንክ ውስጥ ለክሮም ሦስት ምርጫ አለ፦ ሁሉንም መፍቀድ፣ የአዋቂ ገጾችን ለማገድ መሞከር፣ የተፈቀዱ ገጾችን ብቻ መክፈት። «መሞከር» የሚለውን ቃል ልብ በሉ፤ ገንቢዎቹ ሆን ብለው ነው የጻፉት። ለትንሽ ልጅ ሦስተኛውን ምረጡ። አይፎን ላይ በስክሪን ታይም (በአይፎኑ የወላጅ መቆጣጠሪያ) ውስጥ ተመሳሳይ ሦስት ምርጫ ታገኛላችሁ፤ የስክሪን ታይም ፒን ስልኩ ከሚከፈትበት ፒን የተለየ ይሁን።

ቀጥሎ ራውተሩ። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ዲኤንኤሱን ከመንካታችሁ በፊት የራውተሩን የመግቢያ የይለፍ ቃል ቀይሩ፤ ካልቀየራችሁ ልጁ እናንተ የሠራችሁትን በሁለት ደቂቃ ያፈርሰዋል። ከዚያ ሁለቱንም የዲኤንኤስ ሣጥን ሙሉ፣ ራውተሩንም ስልኮቹንም አጥፍታችሁ አብሩ፤ ስልክ ቀድሞ የጠየቀውን አድራሻ ለጥቂት ጊዜ ያስታውሳል።

ከዚያ ፈትኑት፤ በራሳችሁ ስልክ ሳይሆን በልጁ ስልክ፣ በልጁ አካውንት። ማየት የማትፈልጉትን ቃል በምስል ፍለጋ ጻፉ። በግል የብሮውዘር መስኮት ድገሙት። ዋይፋዩን አጥፍታችሁ በዳታ ድገሙት፤ በዋይፋይ የታገደው በዳታ ከተከፈተ ገደባችሁ ራውተሩ ላይ ብቻ ነው ያለው፣ ስልኩ ላይ የለም። ከዚያ ለልጁ በመልእክት አፕ አንድ የታገደ ገጽ ሊንክ ላኩና እዚያው አፑ ውስጥ ክፈቱት፤ ክሮም ላይ የተጣለ ገደብ አፑ ውስጥ በተሸሸገው ብሮውዘር ላይ ላይሠራ ይችላል። ቴሌቪዥኑ ጋ ሂዱና የሪሞቱን የመግቢያ መምረጫ ተጭናችሁ ኤችዲኤምአይ 1፣ 2 እና 3ን በየተራ ክፈቱ። ሪሲቨሩን ከሶኬቱ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩና የተቆለፈ ጣቢያ ላይ ሂዱ፤ ፒን ካልጠየቀ ቁልፉ አልተቀመጠም።

ፈተናው ሁሉ ተደምሮ 10 ደቂቃ አይሞላም። ሶፍትዌር በታደሰ ቁጥር፣ ጣቢያ በተፈለገ ቁጥርና አዲስ ዕቃ ወደ ቤት በገባ ቁጥር ድገሙት። የስልኩ ሰዓት በእጅ እንዳይቀየር መዝጋታችሁንም አትርሱ፤ ማታ 3 ሰዓት የሚዘጋ ስልክ ሰዓቱ ወደ ቀትር ሲመለስ ይከፈት ይሆናል።